ብረቱ ሲያረጅ ሥራው እንዳይሞት፤ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን በምናባዊ ማሽን የመተካት ታሪክ

የኢንጂነሪንግ ሙያ ከሚያረጅ ነገር ጋር የሚደረግ የማያቋርጥ ትግል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የብረት ድልድይ ይዝጋል፤ የተርባይን ክንፍ ይበላል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን ይደርቃል። እያንዳንዱም የአገልግሎት ዘመኑን ሲፈጽም በአዲስ ይተካል። በኮምፒዩተር ላይ የሚደርሰው እርጅና ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። ኮምፒዩተር ሁለት ነገሮች ተጣምረው የሚኖሩበት መሣሪያ ነው፤ አንደኛው ብረቱና የኤሌክትሮኒክ አካሉ፣ ሁለተኛው በዚያ አካል ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። አካሉ ያረጃል፤ ፕሮግራሙ ግን አይዝግም፣ አይበላም፣ አይሰበርም። ስለሆነም በ15 ዓመት የሚደክም አካል 40 እና 50 ዓመት የሚፈለግ ሥራ ተሸክሞ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ይህን ችግር ለማቃለል ያለፉበትን መንገድ፣ ያገኙትን ጥቅምና የተረፈውን ዕዳ ይመለከታል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሮጌ ኮምፒዩተር የያዘ ድርጅት ሦስት መንገዶች አሉት። እነዚህን ለመረዳት የኢትዮጵያን የብራና ጸሐፍት ሥራ ማሰብ ይበቃል። ብራናው ሲቀደድ ቀዳዳውን በመርፌና በክር እየሰፉ ማቆየት ይቻላል፤ ይህ ከተጣሉ ማሽኖች መለዋወጫ እየለቀሙ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከመጠገን ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛው መንገድ መጽሐፉን ከግዕዝ ወደ አማርኛ መተርጐም ነው፤ ይህ ፕሮግራሙን ለአዲስ ኮምፒዩተር እንደገና እንደ መጻፍ ነው። ተርጓሚው የመጽሐፉን ምሥጢር ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል፤ ያልገባውን ያዛባል። ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ፊደሉን በፊደል ወደ አዲስ ብራና መገልበጥ ነው። ገልባጩ ምሥጢሩን ሁሉ ባያውቅ እንኳ አንዲት ፊደል ሳይጥል ከገለበጠ መጽሐፉ ይተርፋል። በኮምፒዩተር ሙያ ይህ ሦስተኛው መንገድ ኤሙሌሽን ይባላል። ይኸውም አዲሱ ማሽን የአሮጌውን ማሽን ጠባይ ይዞ እንዲሠራ በማድረግ፣ አሮጌው ፕሮግራም ምንም ሳይለወጥ በአዲሱ ላይ እንዲኖር ማስቻል ነው።

የሐሳቡ መነሻ

ሐሳቡ ከኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ራሱ ይቀድማል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1936 ባቀረቡት ጥናት፣ አንድ ሁለገብ ማሽን የሌላውን ማሽን የጽሑፍ መግለጫ ተቀብሎ የዚያኑ ማሽን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል አስረድተዋል። በዚህ መሠረት የአንድ ማሽን ምንነት ከምን እንደተሠራ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ በሚገልጸው ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። በ1951 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሞሪስ ዊልክስ ማይክሮፕሮግራም የተባለውን ዘዴ አቀረቡ። በዚህ ዘዴ የኮምፒዩተሩ እያንዳንዱ ትእዛዝ በሽቦ ተቋጥሮ የቀረ ሳይሆን፣ በማሽኑ ውስጥ በተቀመጡ ጥቃቅን ትእዛዞች ተከታታይነት የሚፈጸም ይሆናል። ጥቃቅኖቹ ትእዛዞች ቢለወጡ ማሽኑ ሌላ ማሽን ይሆናል። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ከወረቀት ወደ ገበያ የወጡት ግን የንግድ ጭንቀት ባስገደደበት ጊዜ ነው።

የአይ ቢ ኤም 1401 ጉዳይ

የአይ ቢ ኤም ኩባንያ በጥቅምት ወር 1959 ለሕዝብ ያስተዋወቀው 1401 የተባለው ኮምፒዩተር በትራንዚስተር የተሠራ፣ ለቢሮ ሥራ የታሰበ መሣሪያ ነበር። ማኅደረ ትውስታው ከ1,400 እስከ 16,000 ፊደላትና አኃዞች ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ የሚሠራውም በአሥር መደብ ቁጥሮች ነበር። ዛሬ እጅግ ጥቂት የሚመስለው ይህ አቅም በጊዜው የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ለማዘጋጀት፣ የመጋዘን ንብረት ለመቁጠርና የደንበኞችን ሒሳብ ለማተም በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ከ10,000 በላይ ተሠርቶ በልዩ ልዩ አገሮች ተሰራጨ። እያንዳንዱም ደንበኛ የራሱን ፕሮግራሞች በራሱ ሠራተኞች እያስጻፈ በብስ ካርድና በቴፕ አከማቸ።

ኩባንያው ሚያዝያ 7 ቀን 1964 (በአውሮፓውያን ኤፕሪል 7) ሲስተም/360 የተባለውን አዲስ የኮምፒዩተር ቤተሰብ ሲያስታውቅ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። አዲሱ ቤተሰብ በሁለት መደብ ቁጥር፣ በ8 ቢት ባይትና በ32 ቢት ቃል የሚሠራ በመሆኑ፣ ከ1401 ጋር በቋንቋ ፈጽሞ አይገናኝም ነበር። ደንበኛው አዲሱን ማሽን ቢገዛ ለዓመታት ያጠራቀማቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ እንደገና ማስጻፍ ይኖርበታል። እንደገና ማስጻፉ ካልቀረ ደግሞ ከሌላ ኩባንያ የማይገዛበት ምክንያት አይኖርም። ተወዳዳሪው ሃኒዌል ይህን ክፍተት አስቀድሞ ተመልክቶት ነበር። በታኅሣሥ ወር 1963 ሃኒዌል 200 የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያስተዋውቅ፣ የ1401 ፕሮግራሞችን ወደ ራሱ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ሊበሬተር፣ ማለትም ነጻ አውጪ፣ የተባለ ፕሮግራም አብሮ አቀረበ። ስሙ ራሱ ለአይ ቢ ኤም የተወረወረ ዘለፋ ነበር።

የአይ ቢ ኤም መልስ በዊልክስ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። የአንድን ማሽን ጠባይ በተራ ፕሮግራም ብቻ ማስመሰል ከዚያ በፊትም የታወቀ ቢሆንም፣ ሥራው እጅግ ዘገምተኛ ስለሚሆን ለዕለት ተዕለት አገልግሎት አይመችም። የኩባንያው ባለሙያዎች ግን በሲስተም/360 ሞዴል 30 የማይክሮፕሮግራም ማኅደር ውስጥ የ1401 ትእዛዞችን የሚፈጽሙ ጥቃቅን ትእዛዞች እንዲጨመሩ አደረጉ። ስለሆነም ያው አንድ ማሽን አንድ ጊዜ 360፣ ሌላ ጊዜ 1401 ሆኖ መሥራት ቻለ። ከዚህም በላይ አሮጌው ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ላይ ከተወለደበት ማሽን ይልቅ ፈጥኖ ሠራ። በትልልቆቹ ሞዴሎችም ላይ ለ7090 ቤተሰብ ኮምፒዩተሮች ተመሳሳይ ዝግጅት ተደረገ። ስቱዋርት ታከር ስለዚሁ ዘዴ በ1965 ያሳተሙት ጽሑፍ ኤሙሌሽን የሚለውን ቃል በሙያው ዘንድ ካስተዋወቁት አንዱ ነው።

ከዚህ ሥራ የተገኘው ትልቁ ትምህርት ግን የፍጥነት ጉዳይ አልነበረም። ጂን አምዳል፣ ጌሪት ብላው እና ፍሬድ ብሩክስ በ1964 ስለ 360 በጻፉት ጽሑፍ፣ የኮምፒዩተር አርክቴክቸር ማለት ማሽኑ ለፕሮግራም ጸሐፊው የሚታይበት መልክ እንደሆነና ከውስጣዊ አሠራሩ መለየት እንዳለበት ገለጡ። በሌላ አነጋገር በብረቱና በፕሮግራሙ መካከል የጽሑፍ ውል ተቀመጠ። ውሉ እስከተጠበቀ ድረስ ብረቱ በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። ዛሬ አሮጌ ማሽንን በአዲስ ለመተካት የሚደረገው ሙከራ ሁሉ የሚሳካውም ሆነ የሚወድቀው በዚህ ውል ሙሉነትና ጉድለት ነው።

የዚያኑ ያህል አንድ ማስጠንቀቂያም ከዚሁ ታሪክ ይገኛል። የ1401 ኤሙሌሽን የታሰበው ደንበኛው ፕሮግራሞቹን ቀስ በቀስ እንደገና እስኪጽፍ ድረስ መሸጋገሪያ እንዲሆን ነበር። ነገር ግን የሚሠራን ነገር ለመንካት የሚደፍር ጥቂት ስለሆነ፣ በ1970 ከታወጀው ሲስተም/370 ሞዴሎች መካከል የ1401 ኤሙሌተር የነበራቸው ይገኙ ነበር። መሸጋገሪያው ድልድይ መኖሪያ ቤት ሆነ።

ምናባዊው ማሽን

ከኤሙሌሽን ጋር የሚዛመድ ነገር ግን ከእርሱ የሚለይ ሁለተኛ ዘዴ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተወለደ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ በሚገኘው የአይ ቢ ኤም የሳይንስ ማዕከል ሮበርት ክሪሲና ባልደረቦቻቸው ሲፒ-40 የተባለውን ሥርዓት ሠርተው በ1967 መጀመሪያ ላይ ለአገልግሎት አበቁ። ይህ ሥርዓት አንዱን የተሻሻለ ሲስተም/360 ሞዴል 40 ወደ 14 ምናባዊ ማሽኖች የሚከፍል ነበር። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ኮምፒዩተር ለብቻው የያዘ ይመስለዋል፤ በእውነት ግን አንዱን ብረት ሁሉም በየተራ ይጋሩታል። ከዚህ ሥራ ሲፒ-67 ተከተለ፤ በነሐሴ 1972 ደግሞ ቪኤም/370 በሚል ስም ለደንበኞች ሁሉ ቀረበ። በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ አንድ ኮምፒዩተር ለዚህ ዓይነቱ አሠራር የሚመች መሆኑ የሚታወቅበትን መስፈርት በሒሳብ አኳኋን አስቀመጡ።

የሁለቱን ዘዴዎች ልዩነት መጨበጥ ለሥራ ይጠቅማል። ጥንት በተወለደው ስሜት ምናባዊ ማሽን ማለት እንግዳውና ባለቤቱ አንድ ቋንቋ የሚናገሩበት ነው፤ አብዛኛው ትእዛዝ በቀጥታ በብረቱ ላይ ይፈጸማል፣ ተቆጣጣሪው ፕሮግራም ጣልቃ የሚገባው ለአደገኛ ትእዛዞች ብቻ ነው። በኤሙሌሽን ግን እንግዳው ባለቤቱ የማያውቀውን ቋንቋ ስለሚናገር፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ በአስተርጓሚ በኩል ያልፋል። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ መንገዶች ተገናኝተዋል። አሮጌው ማሽን በፕሮግራም ተመስሎ፣ ያም ፕሮግራም በሌላ ምናባዊ ማሽን ውስጥ ተቀምጦ መሥራቱ ዛሬ የተለመደ ነው። የጠፋው ማሽን ራሱ እንደ አንድ የፋይል ክምችት ከቦታ ወደ ቦታ ይገለበጣል።

የፒዲፒ-11 እና የቫክስ ዘሮች

የቢሮው ዓለም በአይ ቢ ኤም ሲመራ፣ የፋብሪካው፣ የላቦራቶሪውና የኃይል ማመንጫው ዓለም ዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን ወደተባለው ኩባንያ አዘንብሎ ነበር። ኩባንያው በ1970 ያቀረበው ፒዲፒ-11 በ16 ቢት የሚሠራ፣ 8 ሬጂስተሮች ያሉት፣ ዋጋውም መለስተኛ የሆነ ኮምፒዩተር ነበር። ከማሽኑ ውጪ ያለ መሣሪያ ሁሉ ልክ እንደ ማኅደረ ትውስታ በቁጥር አድራሻ ስለሚጠራ፣ የመለኪያና የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ለማገናኘት እጅግ ይመች ነበር። በዚህ ምክንያት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ፒዲፒ-11 በልዩ ልዩ ሞዴል ተሸጦ በየኢንዱስትሪው ውስጥ ተተከለ።

በጥቅምት ወር 1977 ቫክስ-11/780 የተባለው የ32 ቢት ማሽን ሲመጣ፣ ንድፍ አውጪዎቹ ከ1401 ታሪክ የተማሩ ይመስላል፤ ለተጠቃሚዎች የተጻፉ የፒዲፒ-11 ፕሮግራሞችን በቀጥታ የሚፈጽም ክፍል በቫክሱ አካል ውስጥ አኖሩ። በ1992 ኩባንያው ከቫክስ ወደ አልፋ ሲሸጋገር ደግሞ ሌላ ዘዴ ተጠቀመ። ቬስት የተባለው መሣሪያ የቫክስን ፕሮግራም በማሽን ቋንቋው እንዳለ ተቀብሎ ወደ አልፋ ቋንቋ አስቀድሞ ይተረጉማል፤ አስቀድሞ ሊተረጐም ያልቻለው ክፍል ሲያጋጥም ግን አስተርጓሚ ተተክቶ ይሠራል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ትውልድ ያለፈውን ትውልድ በጀርባው አዝሎ ወደሚቀጥለው ዘመን አሻገረ።

ሰንሰለቱ የተበጠሰው በንግዱ በኩል ነው። ዲጂታል በ1998 በኮምፓክ ተገዛ፤ ኮምፓክም በ2002 ከሂውሌት ፓካርድ ጋር ተዋሐደ። የፒዲፒ-11 ምርት በ1990ዎቹ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ የመጨረሻዎቹም የቫክስ ሞዴሎች በ2000 ከገበያ ወጡ። ማሽኖቹ የሚቆጣጠሯቸው ተክሎች ግን ገና በሥራ ላይ ነበሩ። በ2013 በይፋ እንደተነገረው በካናዳ የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች በፒዲፒ-11 ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን እስከ 2050 ድረስ ለመጠቀም የታሰበ ሲሆን፣ ያንኑ ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለግ ነበር። ይህ በመጀመሪያ ሲሰማ ያስገርም ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ስንፍና አይደለም። የኑክሌር ተክል መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከአገልግሎት በፊት በብዙ ድካም ተፈትኖ የጸደቀ ነው። እንደገና ከተጻፈ ያ ሁሉ ፈተና እንደገና ይጀመራል። በዓመታት አገልግሎት የተፈተነ ፕሮግራም በራሱ ትልቅ ሀብት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው የማሽኖቹ ሠሪዎች ራሳቸው ማሽኖቹን በፕሮግራም ለማዳን የተነሡት። በዲጂታል ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት ቦብ ሱፕኒክ በ1993 ሲምኤች የተባለውን የኤሙሌተሮች ስብስብ መጻፍ ጀመሩ። ዓላማቸው የጥንት ኮምፒዩተሮችን ለታሪክ ማቆየት ነበር፤ ፒዲፒ-8ን፣ ፒዲፒ-11ንና ቫክስን ጨምሮ ብዙ ማሽኖች በዚህ ስብስብ ሕይወት አገኙ። ሥራቸው ለማንም ክፍት ሆኖ፣ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራ በሚችለው በሲ ቋንቋ ተጻፈ። ለፋብሪካና ለድርጅት አገልግሎት ደግሞ ካሮን-ቫክስን የመሳሰሉ በዋጋ የሚሸጡ ኤሙሌተሮች ቀረቡ። ፍጥነት በዚህ ጊዜ ችግር መሆኑ አበቃ። የቫክስ-11/780 አንድ የሥራ ዙር 200 ናኖሴኮንድ ይፈጅ ነበር። ያሁኑ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ መቶ ዙር ስለሚያጠናቅቅ፣ ለአንዱ አሮጌ ትእዛዝ አሥርና ሃያ አዲስ ትእዛዝ ቢከፈልም ትርፉ ሰፊ ነው።

አሠራሩና ወጥመዶቹ

ኤሙሌተር ከውስጡ ሲታይ የተወሳሰበ አይመስልም። ለፒዲፒ-11 ኤሙሌተር የሚጽፍ ባለሙያ በመጀመሪያ ማኅደረ ትውስታውን የሚወክል የቁጥሮች ሰንጠረዥና ሬጂስተሮቹን የሚወክሉ 8 ቁጥሮች ያዘጋጃል። ሬጂስተር 7 ቀጥሎ የሚፈጸመው ትእዛዝ የሚገኝበትን አድራሻ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የማያቋርጥ ዙር ነው፤ ትእዛዙን ከአድራሻው ማምጣት፣ አድራሻውን ወደሚቀጥለው ማሳለፍ፣ ትእዛዙን መተርጐም፣ መፈጸም፣ ከውጭ መሣሪያ የማቋረጫ ምልክት መጥቶ እንደሆነ ማየት፣ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት። ለምሳሌ ያህል በስምንት መደብ ሲጻፍ 010102 የሚለው ትእዛዝ በሬጂስተር 1 ያለውን ቁጥር ወደ ሬጂስተር 2 ገልብጥ ማለት ነው። የውጭ መሣሪያም እንዲሁ ይመሰላል። በእውነተኛው ማሽን ላይ ፕሮግራሙ በአድራሻ 177566 የፊደል ቁጥር ሲያስቀምጥ የቴሌታይፑ ቁልፍ ወረቀቱን ይመታ ነበር፤ በኤሙሌተሩ ላይ ፊደሉ በስክሪን ይታያል። ፕሮግራሙ ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ወጥመዱ ያለው በጥቃቅኑ ዝርዝር ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የመገልበጥ ትእዛዝ ቁጥሩን ከማዛወር በተጨማሪ አራት የሁኔታ ምልክቶችን ይመለከታል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች መሆኑንና ዜሮ መሆኑን የሚያሳዩትን ሁለቱን እንደ ውጤቱ ያስተካክላል፤ ከአቅም በላይ መሆንን የሚያሳየውን ያጠፋል፤ ከመደመር የተላለፈውን አኃዝ የሚይዘውን አራተኛውን ግን ሳይነካ ይተወዋል። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ጠባይ ስለሚያውቁ በረጅም ቁጥሮች መደመር መካከል የመገልበጥ ትእዛዝ ሊያስገቡ ይችላሉ። ኤሙሌተር ጸሐፊው አራተኛውን ምልክት በስሕተት ቢያጠፋ ማሽኑ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ያትማል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን አንድ ሒሳብ በአንድ ይጐድላል። ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት መድኃኒቱ አምራቹ ራሱ ማሽኖቹን ለመፈተሽ ያዘጋጃቸው የምርመራ ፕሮግራሞች ናቸው። በብረቱ ላይ ጉድለት እንዲያገኙ የተጻፉት እነዚህ ፕሮግራሞች ብረቱ ካለፈ በኋላ የተተኪውን እውነተኛነት መመስከሪያ ሆኑ።

ሌላው ወጥመድ የቁጥር አጻጻፍ ነው። ቫክስ ለክፍልፋይ ቁጥሮች የራሱን አጻጻፍ የደነገገው በ1977 ሲሆን፣ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የአይ ትሪፕል ኢ 754 ደንብ የወጣው በ1985 ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ኤሙሌተሩ የአዲሱን ማሽን የስሌት ክፍል እንዳለ መጠቀም አይችልም፤ ውጤቱን ቢት በቢት እንደ ቫክስ አድርጎ ማውጣት አለበት። ጊዜም እንደዚሁ ችግር ይፈጥራል። አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች ሞተር እስኪነሣ ወይም ቫልቭ እስኪዘጋ የሚጠብቁት ባዶ ቁጥር እየቆጠሩ ነበር። በፈጣኑ ተተኪ ላይ ቆጠራው ቫልቩ ሳይዘጋ ያልቃል። ስለሆነም ኤሙሌተሩ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ የሚደረግበት አጋጣሚ አለ። በመጨረሻም ፕሮግራም የኤሌክትሪክ ሽቦን ሊተካ አይችልም። አሮጌው ኮምፒዩተር ከመለኪያዎችና ከመቆጣጠሪያዎች ጋር በሽቦ ተያይዞ ከሆነ፣ አዲሱን ማሽን ከአሮጌው የመስመር ሥርዓት ጋር የሚያገናኝ ልዩ ካርድ ያስፈልጋል፤ የዚህ ዓይነቱ ሥራ አብዛኛው ድካምም የሚያርፈው በዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ማሽኑ ተርፎ መረጃው ሲጠፋ

ኤሙሌተሩ የቱንም ያህል ፍጹም ቢሆን የሚያነበው ነገር ከሌለ ዋጋ የለውም። የማግኔት ቴፕ ሙጫው እየላላ ይላጣል፤ የዲስክ ኩሽኔታ ይደርቃል፤ የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ፈሳሹን ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አሮጌው ማሽን ገና በሕይወት ሳለ የዲስኩንና የቴፑን ይዘት ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ማውጣት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የእንግሊዝ ታሪክ ያስረዳል። በ1086 በንጉሥ ዊልያም ትእዛዝ የተጻፈውን የርስትና የንብረት መዝገብ 900ኛ ዓመት ለማክበር፣ ቢቢሲ በ1986 የአገሪቱን ኑሮ የሚያሳይ አዲስ መዝገብ አዘጋጀ። ከ1 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ፣ ይልቁንም ተማሪዎች፣ የተሳተፉበት ይህ ሥራ በሁለት የሌዘር ቪዲዮ ዲስኮች ላይ ተቀረጸ። 20 ዓመት ሳይሞላ ዲስኮቹን የሚያነበው ማሽን ብርቅ ሆነ። በ2002 የሊድስና የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማሽኑን ጠባይ በኤሙሌተር መልሰው እስኪያሳዩት ድረስ መዝገቡ ሊጠፋ ነው የሚል ሥጋት ነበረ። በብራና የተጻፈው የ1086ቱ መዝገብ ግን ከ900 ዓመት በኋላም ይነበብ ነበር።

ይህ ሥጋት የግዕዝን ፊደል ለሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶችና ግለሰቦችም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ደንብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ያዘጋጀ ሁሉ ለፊደሎቹ የሰጠው ቁጥር የየራሱ ነበር። በብዙዎቹም ፕሮግራሞች የአማርኛው ፊደል የላቲኑን ፊደል ቁጥር ተውሶ ይቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለው ሰነድ ዛሬ ያለ ጥንቱ ፕሮግራምና ያለ ጥንቱ የፊደል ቅርጽ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ሰነዱ አልጠፋም፤ የጠፋው ቁልፉ ነው። በአሮጌው የዶስ ወይም የዊንዶውስ ሥርዓት የተዘጋጀ ምናባዊ ማሽን ውስጥ ጥንታዊው ፕሮግራም ከነፊደሉ ሲቀመጥ ሰነዱ እንደ ተጻፈበት ቀን ይነበባል። ከዚያም የእያንዳንዱን ፊደል ቁጥር ከዩኒኮዱ ጋር አስተያይቶ ሰነዱን ለዘለቄታው መለወጥ ይቻላል። የሚያስፈልገው የፕሮግራሙ ዲስክ ከመሳቢያ ውስጥ ሳይጣል መገኘቱ ነው።

የተበደሩት ጊዜ

ከዚህ ታሪክ አንድ መደምደሚያ ይገኛል። ኤሙሌሽን ሥራን ከብረት ሞት ያድናል፤ ከሰዎች መርሳት ግን አያድንም። ገልባጩ መጽሐፉን ሳይረዳው መገልበጥ እንደሚችል ሁሉ፣ አንድ ድርጅትም ምን እንደሚሠራ የማያውቀውን ፕሮግራም ከማሽን ወደ ማሽን እያሻገረ ሊኖር ይችላል። ያ ድርጅት አንድ ቀን የደመወዝ ሕግ ሲለወጥ፣ አዲስ ተርባይን ሲተከል ወይም የተሰወረ ስሕተት ሲገለጥ ፕሮግራሙን መንካት ይኖርበታል፤ በዚያን ጊዜ የሚጠየቅ ሰው አያገኝም። የ1401 ተጠቃሚዎች በመሸጋገሪያው ድልድይ ላይ መኖራቸው ያተረፈላቸው ጊዜ እውነተኛ ነበር፤ ሆኖም የተበደሩት እንጂ የተሰጣቸው አልነበረም። ኤሙሌተሩ ራሱም ፕሮግራም በመሆኑ ተራው ሲደርስ ያረጃል። የሲምኤች ብርታት በሰፊው በሚታወቅ ቋንቋ በግልጽ ተጽፎ፣ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው መሻገር መቻሉ ነው። የአንድ ሻጭ ምሥጢር ሆኖ የተቆለፈ ኤሙሌተር የገዛ ድርጅት ግን ዕዳውን ከአንዱ አበዳሪ ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ አልከፈለውም።

በመሆኑም የተበደሩት ጊዜ የሚገባውን ሥራ ይፈልጋል። አሮጌውን ማሽን የሚያውቁት ሠራተኞች ጡረታ ሳይወጡ የሚያውቁት ይጻፍ፤ የማሽኑ መመሪያ መጻሕፍትና የምርመራ ፕሮግራሞች እንደ ንብረት ይመዝገቡ፤ ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የተጻፈበት ጽሑፍ ይጠበቅ፤ ተተኪው ማሽን ከአሮጌው ጐን ለጐን ሠርቶ ውጤታቸው ይነጻጸር፤ ከዚህ በኋላ ብቻ አሮጌው ከመስመር ይውጣ። አዲስ ተክል ለመግዛት ውል በሚዘጋጅበት ጊዜም ነገሩ ሊታሰብ ይገባል። የውሃ ኃይል ተርባይን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያገለግል የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር በ15 ዓመት ያረጃል። ተርባይኑን የሚገዛ መሐንዲስ የኮምፒዩተሩን ሙሉ መግለጫና የፕሮግራሙን ጽሑፍ በዚያው ውል ካልጠየቀ፣ በኋላ የሚጠይቀው አካል ላይኖር ይችላል፤ ሻጩም እንደ ዲጂታል ኩባንያ ስሙ ከገበያ ጠፍቶ ይሆናል።

ቱሪንግ በ1936 በሒሳብ ያሳዩት ነገር በስተመጨረሻ ለሙያው ሁሉ የሚሆን ተግባራዊ መመሪያ ሆኖ ተገኝቷል። ማሽን የሚኖረው በመግለጫው ነው። መግለጫው በጽሑፍ የተቀመጠለት ማሽን ብረቱ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከተሸጠ በኋላም ተመልሶ ሊነሣ ይችላል፤ መግለጫው የጠፋበት ማሽን ግን መብራቱ እየበራ፣ ነፋስ ማዞሪያው እየዞረ ቢታይም ከወዲሁ የሞተ ያህል ነው።